በጎ ሥራ ዕዳን አይሽርም

በካናዳ ሰሜን፣ በሁድሰን ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ዛፍ በማይበቅልበትና ባሕሩ ከዓመቱ እኩሌታ የሚበልጠውን ጊዜ በበረዶ ተከድኖ በሚኖርበት አገር፣ አንዲት ትንሽ መንደር አለች። ከደቡብ የመጡ ሰዎች ቼስተርፊልድ ኢንሌት ይሏታል፤ ባለቤቶቿ ኢኑይት ግን ኢግሉሊጋርዩክ ብለው ይጠሯታል፤ ትርጓሜውም ጥቂት ቤቶች ያሉባት ስፍራ ማለት ነው። በዚህች ቤቶቿ በሚቈጠሩ መንደር ውስጥ አንድ የካቶሊካውያን ሆስፒታልና አንድ የሕፃናት ማደሪያ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በአጭር ጊዜ በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ በአንድ ዘመን ቆመው ነበር። በመጀመሪያው ቤት ደናግል መነኮሳይያት የሕሙማንን ቁስል አጥበዋል፤ በሁለተኛው ቤት ደግሞ የዚያው ማኅበር ደናግል ከእናትና ከአባታቸው ተለይተው የመጡ ሕፃናትን አኑረዋል፤ ከእነዚያም ሕፃናት ብዙዎቹ እስከ ሽምግልና ድረስ ያልጠገገ ቁስል ይዘው ወጥተዋል።

የሚሲዮናውያኑን ነገር የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ቤቶች አንዱን ብቻ አይተው ይመለሳሉ፤ አንዱ ወገን ሆስፒታሉን አይቶ ገድለ ቅዱሳን ይጽፋል፤ ሌላው ወገን ማደሪያውን አይቶ የክስ መዝገብ ያዘጋጃል። እኔ ግን ሁለቱን ቤቶች በአንድነት ሳያይ የሚፈርድ ሰው ፍርዱ የጐደለ ነው እላለሁ፤ ደግሞም የአንዱ ቤት ምስጋና የሌላውን ቤት ዕዳ ሊከፍል አይችልም ብዬ አምናለሁ። ይህን ያልሁበትን ምክንያት ለማስረዳት ታሪኩን ከመነሻው ልተርክ፤ የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1912 አባ አርሴን ቱርኬቲል የተባሉ የኖርማንዲ ተወላጅ ካህን ከባልንጀራቸው ከአባ አርማን ለብላን ጋር በመርከብ ወደ ኢግሉሊጋርዩክ ደረሱ። ሁለቱም በ1816 በፈረንሳይ አገር የተመሠረተው የንጽሕት ማርያም ኦብላት ማኅበር አባሎች ነበሩ። ያገኟቸውም ሰዎች ካሪቡ የሚባለውን የሰሜን አጋዘን በምድር፣ ሲል የሚባለውን ባለ ስብ አውሬ በባሕር እያደኑ፣ ክረምቱን ከበረዶ ጡብ በተሠራ ኢግሉ፣ በጋውን በቁርበት ድንኳን የሚያሳልፉ፣ የራሳቸው ሥርዓትና የራሳቸው አንጋኮክ፣ ማለት ከመናፍስት ጋር የሚነጋገር ባለ ምሥጢር፣ ያላቸው ሕዝብ ነበሩ። እንግዶቹ ካህናት ስብከት ከመጀመራቸው በፊት እንደ ሕፃን ልጅ ቋንቋ መማር ነበረባቸው፤ ከተማሩም በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ሳያጠምቁ ቈዩ። በ1913 ደግሞ ከእነርሱ እጅግ ርቆ በሚገኘው በኮፐርማይን ወንዝ አጠገብ ሁለት የማኅበራቸው ካህናት ተገድለው ነበርና ወሬው ሲደርስ የፍርሃታቸው ብዛት ምን ያህል እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

በሚሲዮኑ ሰዎች ዘንድ እንደሚተረከው፣ ተስፋቸው በተቈረጠበት ሰዓት ከፈረንሳይ በተላከ ፖስታ ውስጥ የቅድስት ተሬዛ ዘሊዝዩ ታሪክና ከመቃብሯ የተዘገነ ጥቂት አፈር ደረሳቸው፤ አፈሩም በተሰበሰቡት ሰዎች ጸጉር ላይ በምሥጢር ከተነሰነሰ በኋላ የሰዎቹ ልብ ተለወጠ፤ በ1917 የመጀመሪያዎቹ ኢኑይት ተጠመቁ። አማኝ አንባቢ ይህን ተአምር ይለዋል፤ ሌላው ሰው ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ ቋንቋቸውን ሲማር፣ ከምግባቸው ሲበላና ብርዳቸውን ሲካፈል የኖረ እንግዳ በመጨረሻ ተሰሚነት ማግኘቱ ነው ይለዋል። ሁለቱም አነጋገር እንግዳው በዚያን ጊዜ ኀይል እንዳልነበረው ይመሰክራል። ወታደር አላስከተለም፤ ትምህርቱን የሚያስገድድበት ሕግ አልነበረውም፤ ያልወደደው ሰው ውሾቹን በመንሸራተቻው ላይ ጠምዶ ወደ አደኑ መሄድ ይችል ነበር።

እንዲህ ያለውን ድኻ እንግድነት ከሁሉ አብልጠው የኖሩት በ1935 ኩጋሩክ በተባለው ስፍራ ሚሲዮን ያቋቋሙት አባ ፒየር ሄንሪ ይመስሉኛል። ጎንትራን ደ ፖንሳን የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ ካብሉና በተባለው መጽሐፉ እንደ መሰከረላቸው፣ እኒህ ካህን የሚኖሩት ነጮች ሊገቡበት በሚሳቀቁበት፣ በበረዷማው ምድር በተቈፈረ ጠባብ ዋሻ ውስጥ ነበር፤ ምግባቸውም የአገሩ ሰው እንደሚበላው የቀዘቀዘ ዓሣ ነበር። በ1941 ከቤልጅጋዊው ከአባ ፍራንስ ቫን ደ ቬልደ ጋር ሆነው ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ እንጨት በአገሩ ስለሌለ ድንጋይ በጭቃ እየካቡ ሠሩ፤ ያም ቤተ ክርስቲያን ከዚያው ምድር የበቀለ ይመስላል።

ከዚህ ዘመን የሚነሣ ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ልዩ ደስታ የሚሰጥ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የኢኑይት ፊደል ነው። ይህን ፊደል በ1840 ግድም ጄምስ ኤቫንስ የተባለ የሜቶዲስት ሰባኪ ለክሪ ሕዝብ አዘጋጀው፤ ኤድመንድ ፔክ የተባለው የአንግሊካን ካህን ደግሞ በኢኑይት መካከል አስፋፋው፤ ካቶሊካውያኑም የጸሎት መጻሕፍቶቻቸውን በእርሱ አተሙ። በእኛ ፊደል ካዕብና ሣልስ፣ ራብዕና ኃምስ ቅጥል እየጨመሩ ወይም እግር እያጠፉ ድምፃቸውን እንደሚለውጡ፣ በእነርሱም ፊደል አንዱ ቅርጽ ወደ ላይ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እየዞረ አናባቢውን ይለውጣል። ሀ ሁ ሂን ከየኔታ ፊት ተቀምጦ የቈጠረ ሰው ያንን ገበታ ቢያይ ከቋንቋው አንድ ቃል ባያውቅም አካሄዱን ፈጥኖ ይረዳዋል። የሚያስደንቀው ግን ፊደሉ ብዙ ትምህርት ቤት ሳያስፈልገው ከኢግሉ ወደ ኢግሉ፣ ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ መስፋፋቱ ነው። ሰባኪው ፊደሉን ይዞ መጣ፤ ሕዝቡ ግን የራሱ አደረገው፤ ደብዳቤ ተጻጻፈበት፤ ዛሬም ይህ ምድር የሚገኝበት የኑናቩት ግዛት መንግሥት ሕዝባዊ ማስታወቂያ ይጻፍበታል። ስጦታ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ተቀባዩ በወደደው መንገድ ሊጠቀምበት ይችላልና።

ደናግሉ የመጡት በ1931 ነው። በኢግሉሊጋርዩክ የቅድስት ተሬዛ ሆስፒታል ሲከፈት፣ በኩቤክ አገር ከምትገኘው ከኒኮሌ የተላኩ የግራጫዎቹ እኅቶች ማኅበር መነኮሳይያት ሥራውን ተረከቡ። የእነዚህ እኅቶች የማኅበራቸው ታሪክ ራሱ የውርደትና የትሕትና ታሪክ ነው። በ1737 በሞንትሪያል የመሠረተቻቸው ማርጌሪት ዱዩቪል ባልዋ ለአገሩ ተወላጆች አረቄ በስውር ይሸጥ የነበረ ሰው ስለ ነበር፣ እርሱ ሞቶ እርስዋ ለድኾች አገልግሎት በተነሣች ጊዜ የከተማው ሰዎች እርስዋንና ባልንጀሮቿን ግራጫዎች እያሉ ዘበቱባቸው፤ በፈረንሳይኛ ቃሉ ግራጫ ማለትም፣ የሰከረ ማለትም ይሆናልና። እነርሱ ግን ስድቡን ተቀብለው ስማቸው አደረጉት፤ ልብሳቸውንም ግራጫ አደረጉ። የእነርሱ ልጆች ናቸው እንግዲህ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ መርከብ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በሚደርስበት፣ ደብዳቤ ለወራት በማይመጣበትና ፀሐይ በክረምት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ብልጭ ብላ በምትጠልቅበት አገር፣ የሚያዋልዱ፣ ቁስል የሚያጥቡ፣ በሽምግልና የደከሙትን የሚያነሡና የሚያስተኙ የሆኑት።

ይህን አገልግሎት ማቃለል ኀጢአት ነው። በዚያ ዘመን ከደቡብ የመጣው የሳንባ ነቀርሳ ሕዝቡን እየፈጀው ነበር፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከኢኑይት ከሰባቱ ሰዎች አንዱ ያህል በደቡብ ካናዳ የሳንባ ነቀርሳ ማስታመሚያ ቤቶች ተኝቶ እንደ ነበር ይነገራል፤ በመርከብ ተጭነው ከሄዱትም መካከል መቃብራቸው እንኳ ለቤተ ሰባቸው ሳይታወቅ የቀሩ አሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ በገዛ አገር፣ በገዛ ቋንቋ፣ ዘመድ እየገባ ሊጠይቅ በሚችልበት ቤት መታመም ራሱ መድኀኒት ነበር። እኒያ መነኮሳይያት ከሞቱ በኋላም በመንደሩ ሽማግሌዎች አፍ በፍቅር የሚጠሩ ቢኖሩ አልደነቅም፤ ይገባቸዋልና።

ዳሩ ግን እንግዳ ሲሰነብት ባለቤት ይሆናል እንደሚባለው፣ የሚሲዮኑ ጠባይ ከዘመኑ ጋር ተለወጠ። የጠጕራም ቁርበት ነጋዴው፣ ፖሊሱና የመንግሥቱ ሹም ተከታትለው በመጡ ጊዜ ካህኑ ከእነርሱ ጋር በአንድ ወገን ተቈጠረ። የከበሮው ጭፈራና የሴቶቹ የጉሮሮ ዜማ ከአረማዊ ልማድ ተቈጥረው እንዲተዉ ተደረገ። መንግሥቱም ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ኢኑይት ቁጥር የተጻፈበት በአንገት የሚንጠለጠል ክብ ምልክት ሰጠ፤ ይህም የአንድን ሕዝብ ስም አለማወቅ በብልሃት የሸፈነ መስሎት ነው። በኢኑይት ሥርዓት ግን ስም ትልቅ ምሥጢር ነው፤ የሞተው ሰው ስም ለሚወለደው ልጅ ይሰጣልና፣ በአያቷ ስም የተጠራችውን ሕፃን እናቷ ራሷ አያቴ እያለች ስትጠራት ይሰማል። የክርስትና ስም ሲመጣ ይህን ሥርዓት አላጠፋውም፤ ጴጥሮስን ፒታ፣ ማርታን ማታ እያሉ በገዛ አንደበታቸው ለወጡት። ቁጥሩን ግን ማንም ሊለውጠው አልቻለም።

ከሁሉ የከፋው የልጆቹ ነገር ነው። የካናዳ መንግሥት በ1950ዎቹ የሰሜንን ሕፃናት ሁሉ ለማስተማር በቈረጠ ጊዜ፣ በኢግሉሊጋርዩክ ሰር ጆሴፍ በርኒየር የተባለው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1955ም በመጀመሪያው ካህን ስም ቱርኬቲል አዳራሽ የተባለው ማደሪያ ተሠራ፤ እስከ 1969 ድረስም ኦብላት ካህናትና ግራጫዎቹ እኅቶች አስተዳደሩት። ከኢግሉሊክ፣ ከናውያት፣ ከኩጋሩክና ከሌሎች ስፍራዎች የካቶሊካውያን ልጆች በነሐሴ መጨረሻ በአውሮፕላን ይሰበሰቡ ነበር፤ ወደ ወላጆቻቸውም የሚመለሱት የሚቀጥለው ዓመት ፀደይ ሲገባ ነበር።

የተወሰደው ነገር ምን እንደ ነበር ለማወቅ አንዲትን መቅረዝ በቅርብ ማየት ይበቃል። ቁሊቅ ትባላለች፤ ከለስላሳ ድንጋይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተጠረበች ናት፤ በሆዷ የሲል ስብ ቀልጦ ይሞላባታል፤ በቀጥተኛው ጠርዟ ላይ ከደረቀ የምድር ለምለምና ጥጥ ከሚመስል አበባ የተዘጋጀ ክር ይደረደርባታል። ለኢግሉው ብርሃኑ እርስዋ ናት፤ ምድጃውም እርስዋ ናት፤ በረዶው የሚቀልጠው ለመጠጥ፣ የአዳኙ ጫማ የሚደርቀው ለነገ መንገድ በእርስዋ ነው። እሳቱ እንዳይጨስም እንዳይጠፋም እናቲቱ በትንሽ በትር ስታስተካክለው ታመሻለች፤ ልጂቱም አጠገቧ ተቀምጣ እያየች ትማራለች። ይህን ለመማር መጽሐፍ አያስፈልግም፤ እናት ግን ታስፈልጋለች። እንግዲህ ያቺን ልጅ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሞላት ከዚያ ብርሃን አንሥተው በአውሮፕላን ወሰዷት፤ በዚህ ካለፉት ብዙዎች እንደ መሰከሩት፣ እናቷ የሰፋችላት የቁርበት ልብስ ወልቆ ሌላ ልብስ ተሰጣት፤ በማታውቀው በእንግሊዝኛ ተማረች፤ በረዥሙ ማደሪያ በተደረደረ አልጋም ላይ ለብቻዋ ተኛች። በዓመቱ ስትመለስ እናቲቱ አንድ እንግዳ ተቀበለች። ይህ እንግዲህ ምንም ክፉ ሰው ሳይጨመርበት የደረሰ ጉዳት ነው፤ ነገር ግን ክፉ ሰዎችም ነበሩ፤ ልጆቹን የደበደቡና ንጽሕናቸውን የደፈሩ፣ በአምልኮ ልብስ የተሸፈኑ ሰዎች ነበሩ፤ ልጆቹም ወላጆቻቸው በሩቅ ስለ ነበሩ ወደ ማን ይጩኹ?

በዚህ ጊዜ የሚነሡ ሁለት መቃወሚያዎች አሉ፤ ሁለቱም በቁም ነገር ሊመለሱ ይገባል። የመጀመሪያው፣ መነኮሳይያቱ በጎ አሳብ ነበራቸው፤ በዘመናቸውም ሌላ መንገድ አልታያቸውም የሚል ነው። በጎ አሳብ የሠሪውን ነፍስ በእግዚአብሔር ፊት ሊያቀልል ይችል ይሆናል፤ የተበዳዩን ቁስል ግን አያድንም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሁለተኛው መቃወሚያ፣ ከዚያው ማደሪያ የዛሬዋ ኑናቩት መሪዎች ወጥተዋል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ በ1958 በአሥራ አንድ ዓመታቸው ከናውያት አካባቢ የተወሰዱት ፒታ ኢርኒቅ ከ2000 እስከ 2005 የኑናቩት ኮሚሽነር ሆነዋል፤ ከዚያው የተማሩት ጆዚ ኩሱጋክም የኢኑይትን ብሔራዊ ማኅበር መርተዋል፤ ስለ ቋንቋቸውም እጅግ ደክመዋል። ነገር ግን በ1993 የቀድሞዎቹ ተማሪዎች በኢግሉሊጋርዩክ ተሰብስበው የደረሰባቸውን በደል በአደባባይ ሲያወጡ፣ ከተናገሩት መካከል በትምህርታቸው የተመሰገኑት እንደ ኢርኒቅ ያሉት ነበሩ። መናገር የተማሩበትን አፍ ስለ ተፈጸመው ለመመስከር ተጠቀሙበት። ለማደሪያው የሚሟገት ጠበቃ ሁሉ፣ ምስክሮቹ ከማደሪያው የወጡ መሆናቸውን ማሰብ ይገባዋል።

ታዲያ ሆስፒታሉን ከማደሪያው የሚለየው ምንድን ነው? እኅቶቹ ያው ናቸው፤ ጸሎታቸውም ያው ነው፤ የሚቀሰቅሳቸውም ደወል ያው ነው። የሚለየው የተረጂው ሥልጣን ይመስለኛል። ወደ ሆስፒታሉ በሽተኛው ሲመጣ ዘመዱ ይዞት መጣ፤ ሲሻለው ተነሥቶ ሄደ። ወደ ማደሪያው ግን ልጁ ተወሰደ፤ አባቱ እምቢ ቢል ካህኑ፣ ነጋዴውና ፖሊሱ በአንድነት ያዩታል። ምሕረት የሚባለው ሥራ፣ የሚረዳው ሰው እምቢ ለማለት የሚችልበት ሥልጣን ከተወሰደበት በኋላ፣ ምንም ዓይነት መልክ ቢኖረው፣ ከአገዛዝ የሚለይበት ድንበር ጠፍቶአል።

ይህ ነገር ለእኛም የባዕድ ትምህርት አይደለም። በ17ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጡት አባ ጴድሮ ፓኤዝ ግእዝና አማርኛ ተምረው በትዕግሥት ሲነጋገሩ ተሰሚ ሆነው ነበር፤ ከእርሳቸው በኋላ በ1625 የደረሱት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን የተጠመቀውን እንደገና አጥምቁ፣ የተካነውን እንደገና ካህን አድርጉ ባሉ ጊዜ፣ ምድሪቱ በደም ታጠበች፤ አፄ ሱስንዮስም በ1632 የአባቶቻችሁ ሃይማኖት ይመለስላችሁ ብለው አዋጅ ለማስነገር ተገደዱ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1839 የመጡት አባ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ደግሞ በግእዝ ሥርዓት እየጸለዩ እንደ አገሩ መነኩሴ ኖሩ። አንድ ሃይማኖት፣ አንዲት ሮማ፣ ሁለት ዐይነት አካሄድ። ኢኑይት ያዩትን ያየን ሰዎች ነንና ጉዳዩን ከሩቅ ሆነን ልናየው አይገባንም።

ስለ ንስሐው ደግሞ አንድ ቃል ልበል። በ1996 የአገሩ ኤጲስ ቆጶስ ለቀድሞዎቹ ተማሪዎች ይቅርታ ጠየቁ፤ በ2008 የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ተማሪ ማደሪያዎቹ ሁሉ ይቅርታ ጠየቁ፤ በሐምሌ 2022 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በሽምግልናቸው እስከ ኑናቩት ዋና ከተማ እስከ ኢቃሉይት ድረስ ተጕዘው ሐዘናቸውን ገለጡ። መልካም ነው፤ ዳሩ ግን አባቶቻችን እንዳስተማሩን ኑዛዜ የንስሐ መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም፤ ቀኖና አለ፤ ካሣም አለ። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ስለ ሐዘኑ ብዛት አልተናገረም፤ የቀማውን አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገባ እንጂ። በዚያው በ2022 የኢኑይት መልእክተኞች እስከ ፈረንሳይ ሄደው፣ በልጆች ላይ በደል ፈጽመዋል ተብለው የተከሰሱና ከ1993 ጀምሮ በዚያ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ካህን ለፍርድ ወደ ካናዳ እንዲመለሱ ለመኑ። ካህኑ ክሱን ክደው አልሄድም አሉ፤ የፈረንሳይም መንግሥት ዜጋዬን አሳልፌ አልሰጥም አለ፤ በ2024ም እውነቱ በዳኛ ፊት ሳይጣራ ሞቱ። በዳይ ቢሆኑ ተበዳዮቹ ፍርድ አጡ፤ ንጹሕ ቢሆኑም ራሳቸው ስማቸውን የሚያጠራ ፍርድ አጡ። ይህ የንስሐ መንገድ አይደለም።

ስለዚህ ለማኅበራቱ አለቆች የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። የመዝገብ ቤቶቻቸውን ደጅ ሳይሰስቱ ይክፈቱ፤ ደብዳቤው፣ ፎቶግራፉና የሕፃናቱ ስም ዝርዝር ወደ ባለቤቶቹ መንደሮች ይመለስ። ካህናቶቻቸው በሰበሰቡት የቋንቋ መዝገብና መዝገበ ቃላት የኢኑይት ልጆች የአያቶቻቸውን አፍ እንዲማሩ ገንዘብ ያውጡ። የሚከሰስ ቢኖር በሕይወት ሳለ ለዳኛ ያቅርቡት። ይህ ሁሉ ቢደረግ የሆስፒታሉ መነኮሳይያት ክብር አይቀንስም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ያለ ሐፍረት ሊመሰገኑ ይችላሉ።

ዛሬ በእነዚያ መንደሮች ካህን ጥቂት ነው፤ በብዙ ስፍራ የሰንበቱን ጸሎት የሚመሩት ካቴኪስቶች የሚባሉ ኢኑይት የሃይማኖት አስተማሪዎች፣ ብዙ ጊዜም ባልና ሚስት ሆነው፣ በገዛ ቋንቋቸው ነው፤ ያን እየዞረ ድምፁን የሚለውጠውን ፊደል እያነበቡ ነው። ከበሮውም ተመልሷል። በትልልቅ ጉባኤ መክፈቻ አንዲት አሮጊት ትነሣና ቁሊቋን ታበራለች፤ በትንሿ በትር ነበልባሉን ከዳር እስከ ዳር ታስተካክላለች፤ እስክትጨርስ ድረስም ጉባኤው ሁሉ፣ ሹሙም ካህኑም፣ በዝምታ ይጠብቃታል። ወደዚያ አገር መልካም ለማድረግ የሚሄድ ሰው ከዚያ ዝምታ ይጀምር።